ለአሥራ ሦስት ድንጋይ የተመረጠ ሞላ

ባሌ በተቀበረ ዕለት ጓደኛው ኔቪል ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ክንዴን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ። ዓይኑ ቀልቷል፣ አፍንጫው ይፈሳል።

«ሞሪን፣ ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ» አለኝ። «ግን የመቃብሩ ሐውልት ላይ ቁጥሮቹ ይጻፉለት።»

«የትኞቹ ቁጥሮች? የተወለደበት ነው?»

«ኧረ የመኪናዋ ሞላዎች ቁጥር! ፊት ሁለት መቶ ሰባ አምስት፣ ኋላ መቶ ዘጠና።»

ክንዴን አላቅቄ ወደ ዘመዶቼ ሄድኩ። ከቀብር መልስ አዳራሽ ስገባ ግን አንዱ አስቀድሞ አስቦበት ኖሮ ትልቁ ኬክ ላይ በነጭ ክሬም «275 – 190» ተጽፎ አገኘሁት። ዘመዶቼ የደዝሞንድ ስልክ ቁጥር መስሏቸው ነበር።

ደዝሞንድ ባሌ ነው። ከሥራው የቀረውን ዕድሜውን ለአንዲት ክፍት፣ ባለ ሁለት መቀመጫ የእሽቅድምድም መኪና ሰጠ፤ ጋራዣችን ውስጥ በገዛ እጁ የገጣጠማት ናት። መኪናዋ ከአምስት ኩንታል ብዙም አትበልጥም። ቁጥሮቹ ደግሞ የሞላዎቿ ጥንካሬ ናቸው፤ ሞላውን አንድ ኢንች ለመጭመቅ ስንት ፓውንድ እንደሚያስፈልግ ነው የሚናገሩት። ሞላው ከጠነከረ መኪናዋ ኩርባ ላይ አትጋደምም፣ ግን በየጉብታው ትነጥራለች። ከለሰለሰ ጉብታውን ውጣ ታልፋለች፣ ግን ትጋደማለች፣ ሆዷም መሬት ይልሳል። መሐሉን ማግኘት ነው ሥራው። የስኬልቢ የመኪና ክበብ መሐሉን ለማግኘት አሥራ አንድ ዓመት ፈጀበት።

ስኬልቢ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ማረፊያ ነበር። አሁን ግማሹ ሽንኩርት ይዘራበታል፣ በቀረው አስፋልት ላይ የኛ ሽማግሌዎች ይሽቀዳደሙበታል። ነፋሱ ከባሕር ተነስቶ እስኪደርስ የሚያግደው አንድ ዛፍ እንኳ የለም። የቆርቆሮ ጎጆ አለን፣ የሻይ ማፍያ በርሜል አለን፣ ሊቀመንበርም አለን፤ ክሊፎርድ ይባላል። በዚህ አካባቢ ሰው ሁሉ ሰውን ሁሉ «ዳክዬ» እያለ ስለሚጠራ ክሊፎርድም እኔንም፣ ኔቪልንም፣ ፖስተኛውንም ዳክዬ ይላል።

አሁን ስለ ክብደት ልንገራችሁ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው። መኪናዋ ቀላል ስለሆነች አንድ ወፍራም ሰው ሲቀመጥባት የሞላው ሒሳብ በሙሉ ይገለበጣል። ስለዚህ ሞላ የሚመርጥ ሰው የነጂውን ክብደት ማወቅ አለበት። በኛ አገር የሰው ክብደት የሚቆጠረው በድንጋይ ነው፤ አንዱ ድንጋይ ስድስት ኪሎ ከምናምን ነው። ችግሩ ሰውን «ስንት ድንጋይ ነህ?» ብሎ መጠየቅ ነውር መሆኑ ነው። ሚዛን ላይ ውጣ ማለትማ ሱሪህን አውልቅ ከማለት አይለይም። በመሆኑም እያንዳንዱ አባል ቁጥሩን በትንሽ ወረቀት ጽፎ፣ አጥፎ፣ ለኔቪል ይሰጠዋል። ኔቪል የጡረታ የሒሳብ መምህር ነው፤ የክበቡን ሞላ ሁሉ የሚመርጠው እሱ ነው። ወረቀቱን ፊቱን አዙሮ ያነበዋል፣ ከዚያ ያቃጥለዋል።

መኪናዋ አራት ጎማዋ አራት ሚዛን ላይ ቆሞ ስትመዘን ነጂው መቀመጫው ላይ መኖር አለበት። የኛ ሰዎች ይህንንም ነውር አደረጉትና በነጂው ፋንታ በወረቀቱ ቁጥር ልክ አሸዋ በጆንያ ይጭናሉ። የደዝሞንድ አሸዋ አሥራ ሦስት ድንጋይ ነበር። አሮጌ ቱታውን አለበሱት፣ ሄልሜቱን ደፉለት፣ «ምክትሉ» ብለው ስም አወጡለት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በምክትሉ ዙሪያ ተከራከሩ፣ ሞላ አወለቁ፣ ሞላ ገጠሙ። ጠዋት ሲገቡ ሰላምታ ይሰጡታል። አንድ ጊዜ ቃለ ጉባኤው ላይ «ምክትሉ ተገኝቷል፤ አስተያየት አልሰጠም» ተብሎ ተጽፎ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ፣ ደዝሞንድ አሥራ ሦስት ድንጋይ የነበረው የተጋባን ዕለት ነው። የሞላ ምርጫው ሲጀመር አሥራ አምስት ነበር፣ ሲሞትም አሥራ አምስት። አንድ እሑድ መታጠቢያ ቤት ሚዛን ላይ ቆሞ ደረስኩበት። ቀስ ብሎ ወረደና፣ «ሞሪንዬ፣ ይኼ በኛ መሐል ይቅር» አለኝ። ይቅር አልኩት። ከዚያ ወዲህ የሱሪዎቹን የልክ ቁጥር እየቀደድኩ ነበር የምሰጠው። በሠላሳ ዓመት ትዳር የለመነኝ ነገር ይህ ብቻ ነው።

ውድድር ላይ ሁልጊዜ ከሃያ ሁለት ሰው ሃያኛ ይወጣል። ከሽንኩርት መጋዘኑ አጠገብ ያለው የግራ ኩርባ ላይ መኪናዋ በቀኟ ትጋደምና ሆዷ አስፋልቱን ፍቆ ብልጭታ ይተፋል፤ እሱም ይደነግጥና እግሩን ከነዳጁ ላይ ያነሳል። «ነፋሱ ነው» ይላል ሲመለስ። ከአንድ ደቂቃ ከሠላሳ አንድ ሰከንድ በታች ዞሮ አያውቅም። እኔ አጥር ሥር ቆሜ፣ በአንድ እጄ ሰዓት፣ በሌላው ፔርሙዝ ይዤ እጠብቀዋለሁ። እሱ እግሩን ሲያነሳ የኔ ቀኝ እግር ሣሩን ይጫን ነበር። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

በሐምሌ ክሊፎርድ ስብሰባ ጠራ።

«መኪናዋ እዚሁ ጎጆ ውስጥ ትቆማለች» አለ። «ዙሪያዋን ቀይ ገመድ እናደርግላታለን። ምክትሉ መሪዋን ይዞ ይቀመጥባታል። ሞላዎቹ ደግሞ ለዘላለም አይነኩም።»

«እኔስ?» አልኩ።

«አንቺማ ባለቤት ነሽ፣ ዳክዬ! በፈለግሽ ሰዓት መጥተሽ ታያታለሽ።»

«ማየትማ ሠላሳ ዓመት አየኋት። ልነዳት ነው የምፈልገው።»

የአንዱ ማንኪያ ወለሉ ላይ ወደቀ።

«ትነጃታለሽ? እንዴት አድርገሽ?» አለ ክሊፎርድ።

«መሪዋን ይዤ ነዳጅ እየሰጠሁ ነዋ። ሌላ ዘዴ ካላችሁ ንገሩኝ። ደግሞ ሞላዎቹ ይለወጡልኝ። እኔ ቀላል ሰው ነኝ፤ በነዚህ ላይ እንደ ፈንድሻ ነው የምዘለው።»

ኔቪል በጥፊ የተመታ መሰለ። «የደዝሞንድን ሞላ? ሰውዬው አፈር እንኳ ሳይደርቅበት?»

ድምፅ ተሰጠ፤ ሞላው አይነካም የሚለው ሃያ ሁለት ለባዶ አሸነፈ። ደዝሞንድ ከሞተ በኋላ አባላቱ ሃያ አንድ ናቸው። ሃያ ሁለተኛው ምክትሉ ነበር።

እኔም እልኬ መጣ። መኪናዋ የኔ ናት፣ ቁልፏ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ነገ መጥቼ እወስዳታለሁ አልኳቸው። ያን ጊዜ ኔቪል እጁን አነሳ።

«ቆይ፣ ቆይ። ሞላ ለነጂ ይመረጥ ያለው ማነው? ነጂው ለሞላው ይስተካከል! እነዚህ ሞላዎች የሚፈልጉት አሥራ ሦስት ድንጋይ ነው። አሥራ ሦስት ድንጋይ ሆና ትምጣና ትንዳ።»

ሁሉም አጨበጨቡ። በሚቀጥሉት ሦስት ሳምንታት ደጄ ላይ አሥራ አራት ኬክ ተቀመጠ። የዝንጅብል አለ፣ የሎሚ አለ፣ አንዱማ በመሐሉ ሙሉ ማርመላታ ነበረበት። መመለስ ነውር ስለሆነ በላኋቸው። በሦስተኛው ሳምንት ኔቪል ብቅ ብሎ ከእግር እስከ ራሴ በትሕትና አየኝና ተስፋ ቆረጠ። «በዚህ አካሄድ ለመስከረሙ ውድድር አንደርስም። አሸዋ እንጨምርልሻለን» አለና ትንሽ ወረቀት ሰጠኝ።

እንደ ወጉ ፊቴን አዙሬ ዘጠኝ ብዬ ጻፍኩ፣ አጠፍኩ፣ ሰጠሁት። የጎደለው አራት ድንጋይ ከምክትሉ ላይ ተቀነሰና በጆንያ ከመቀመጫዬ ሥር ታሰረልኝ። ክሊፎርድ የቀረውን ምክትል ባየው ቁጥር፣ «ምስኪን፣ እንዴት ከሳ» ይላል።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ ውድድሩ የመስከረም የመጀመሪያው ቅዳሜ ላይ ነበር። የደዝሞንድን ሄልሜት ደፋሁ፤ ሰፍቶኝ ውስጡን በሻርፕ ሞላሁት። ባንዲራው ሲወርድ ምንም ነገር አልፈራሁም፤ ውሸት ምን ያደርጋል፣ ደስ አለኝ። መንገዱን በእግሬ አውቀዋለሁ። ፍሬን የት እንደሚያዝ፣ ማርሽ የት እንደሚቀየር ከአጥሩ ሥር ሆኜ ሺህ ጊዜ ነድቼዋለሁ። የሽንኩርት መጋዘኑ ኩርባ ላይ መኪናዋ በቀኟ ተጋደመች፣ ሆዷም ያንኑ የድሮውን የመፋቅ ድምፅ አሰማ። ቀልቤን አልሰጠሁትም፤ እግሬን ከነዳጁ ላይ አላነሳሁም። እሷም ፈቅ አለች፣ ተንገዳገደች፣ ወጣች።

ስመለስ የሚያጨበጭብ የለም። ክሊፎርድ ሰዓቱን እያየ ቆሟል።

«ስንት ነው?» አልኩት።

«አንድ ደቂቃ ከሃያ ሰባት» አለ፤ እንደ መርዶ ነጋሪ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ከደዝሞንድ በአራት ሰከንድ ፈጥኛለሁ። እሽቅድምድም ለማያውቅ አራት ሰከንድ ምንም አይመስልም፤ እኛ ዘንድ ግን ሰው በአራት ሰከንድ ወዳጁን ይቀየማል። ወዲያው አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። መጀመሪያ ሰዓቱን ከሦስት የእጅ ሰዓት ጋር አስተያዩት፤ ልክ ነው። ቀጥሎ ሜዳው አጥሮ እንደሆነ ብለው ሁለት ሰው በሜትር ሊለኩ ላኩ፤ አላጠረም። ነፋሱንም መረመሩት።

«እንግዲህ» አለ ክሊፎርድ፣ «ያው መኪና፣ ያው ሞላ፣ ያው አሥራ ሦስት ድንጋይ። የተለወጠው ነጂው ብቻ ነው።»

ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የደዝሞንድን ፎቶ ሁሉም አዩትና ዓይናቸውን ሰበሩ።

«አትጨርሰው» አለ ኔቪል።

«ልጨርሰው እንጂ፣ ሊቀመንበር ነኝ። ወይ የሞሪን ሰዓት ይሰረዛል፣ ወይ ደዝሞንድ መንዳት አይችልም ነበር ብለን ቃለ ጉባኤ ላይ እንጽፋለን። ሦስተኛ መንገድ የለም። አንቺው ወስኚ፣ ዳክዬ።»

ሰዓቱ ካልተሰረዘ ስሜ በወርቅ ቀለም ሰሌዳው ላይ ይጻፋል። ፈለግኩት። በሕይወቴ እንደዚያ የፈለግኩት ነገር ትዝ አይለኝም። ፎቶው ውስጥ ደግሞ ደዝሞንድ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ፣ ትንፋሹን ይዞ ቆሟል። ምክንያቱን ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም ብዬ አሰብኩ፤ ሦስተኛው መንገድ እኔ ዘንድ አለ። ሞላዎቹ ለአሥራ ሦስት ተመርጠው አሥራ አንድ ዓመት አሥራ አምስት ተጫነባቸው። ዛሬ ገና የታዘዘላቸውን ክብደት ተሸከሙና ሠሩ። ይህን ብናገር የሱም ሙያ ይድናል፣ የኔም ሰዓት። የሚቀረው ቃሌ ነው። ሆድ ይፍጀው ብዬ አሥራ አንድ ዓመት የያዝኩትን ሬሳው ሳይበሰብስ ላወጣው ነው።

«ደዝሞንድ አሥራ አምስት ድንጋይ ነበር» አልኩ።

ኔቪል ብድግ አለ። «አሥራ ሦስት! በእጁ ጽፎ ሰጥቶኛል!»

«ጽፏል። ሱሪውን የምገዛው ግን እኔ ነበርኩ።»

ነገሩን አስረዳኋቸው። ስጨርስ ክሊፎርድ ፊቱ በራ። «አያችሁ! መንዳትስ ይችል ነበር! ወፍራም ብቻ ነው የነበረው!» አለ። ሰዎቹ ተቃቀፉ። አንዱ ፎቶውን በመሐረብ ወለወለው። እኔም፣ ደዝሞንድ ይቅር በለኝ፣ ደኅና ነገር ያደረግኩ መሰለኝ።

ኔቪል ግን አልተቀመጠም። ጠረጴዛው ላይ ያረፈውን የክሊፎርድን ቦርጭ እያየ ነበር።

«ክሊፎርድ» አለ፣ «አንተ አሥራ ሁለት ብለህ ነው የጻፍክልኝ።»

«አዎ… ማለቴ፣ ያለ ጫማ።»

«ያለ ጫማ?»

«ያለ ጫማና… ከቁርስ በፊት።»

«የየትኛው ዓመት ቁርስ?»

ክሊፎርድ አንገቱን ደፋ። «የንግሥቲቱ የንግሥና ሃያ አምስተኛ ዓመት በዓል ጊዜ፤ ያኔ ጎረምሳ ነበርኩ» አለ በቀጭን ድምፅ።

ከዚያ በኋላ እንደ ንስሐ ቀን ሆነ። አንዱ ተነስቶ «እኔም» አለ፣ ሌላው «እኔማ ሦስት ድንጋይ ደብቄአለሁ» አለ። ኔቪል የሃያ ሁለት መኪና ሞላ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ሒሳብ ዓይኑ እያየ ሲናድበት ከመኪና መመዘኛዎቹ አንዱን ጎትቶ ወለሉ መሐል አኖረው። «ውጡ!» ብሎ ጮኸ። «አንድ በአንድ! ነውሩ ይበቃናል!» በስኬልቢ እንዲህ ያለ ቃል ተሰምቶ አያውቅም። ክሊፎርድ ዓይኑን ጨፍኖ ወጣ፤ አሥራ ስድስት። አሥራ አንድ ነኝ ሲል የኖረው ኔቪል ራሱ ወጣ፤ ዘጠኝ ተኩል። «ቀጭን ነው እንዳትሉኝ ብዬ ነው» አለና አለቀሰ።

«አሁን ሞሪን» አለ ክሊፎርድ። «ለወጉ ያህል፣ ዳክዬ።»

«እኔ ዘጠኝ ነኝ» አልኩና ሳልሳቀቅ ወጣሁ።

መርፌው ዘጠኝን አለፈ። አሥርንም አለፈ። አሥራ አንድ ላይ ትንሽ ተንቀጠቀጠና ቆመ።

ሚዛኑ ተበላሽቷል ልል ነበር። ግን ዘጠኝ የጻፍኩት ያን ቁጥር ከሠርጌ ጀምሮ ስጽፈው ስለኖርኩ እንጂ ተመዝኜ አልነበረም። አሥራ አራቱን ኬክም የበላሁት እኔው ነኝ።

ኔቪል ከኪሱ እርሳስ አወጣ። «አሥራ አንድ» አለ ለራሱ፣ «ሲደመር አሸዋው አራት…» እርሳሱ ቆመ። «አሥራ አምስት። ሞሪን፣ የሽንኩርት መጋዘኑ ጋ ሆዷ መሬት ነክቶ ነበር?»

«ነክቷል።»

«ብልጭታስ?»

«እሳት ነው የተፋችው።»

«አንቺ ምን አደረግሽ?»

«ምንም። ነዳጅ ሰጠኋት።»

ኔቪል እርሳሱን አስቀመጠ። «እንግዲያው ያው መኪና፣ ያው ሞላ፣ ያው አሥራ አምስት ድንጋይ ነው። ልክ እንደ ደዝሞንድ። ሳታጎድሊ፣ ሳትጨምሪ።»

«ታዲያ ደዝሞንድ…» አለ ክሊፎርድና አፉን ዘጋ።

እኔና ባሌ እኩል ሁለት ድንጋይ፣ ሁለት ድንጋይ ስንዋሽ ኖረናል። እሱ ነገረኝ፤ እኔ ግን ለራሴም ሳልነግራት ቀረሁ። ምስጢሩን አውጥቼ ያተረፍኩለት ነገር የለም፤ አሁን ወፍራምም ነው፣ መንዳትም አይችልም። በሐዘን መሐል ሳቅ መጣብኝ፣ ሳቁም ወዲያው እንባ ሆነ። ያስለቀሰኝ ግን የሱ ነገር ብቻ አልነበረም። ከአጥሩ እስከ መኪናዋ መቀመጫ ሃያ እርምጃ አይሆንም። ሠላሳ ዓመት ፔርሙዝ ይዤ እዚያ ቆምኩ፣ ማንም ነይ አላለኝም፣ እኔም ልሂድ አላልኩም።

አፍንጫዬን ጠረግኩና ወደ መኪናዋ ሄድኩ። ከመቀመጫዬ ሥር ያለውን ጆንያ ፈትቼ አወጣሁትና ምክትሉ ጭን ላይ መለስኩት። ማንም አልከለከለኝም።

«ኔቪል» አልኩት፣ «ሞላ ምረጥልኝ። ያለ አሸዋ። ለኔ።»

ኔቪል እንደ ልማዱ ከኪሱ ትንሽ ወረቀት አወጣና ፊቱን አዙሮ ዘረጋልኝ። አልተቀበልኩትም።

«አሥራ አንድ» አልኩ፣ ጎጆው ሙሉ እየሰማ። «አሥራ አንድ ብለህ ጻፍ።»

እርሳሱን አንስቶ ጻፈ።